«ማስረጃ አምጣ» የተባለው ወታደር

ሐምሌ 5 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 12፣ 1973፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ ሩብ ሰዓት ገደማ፣ በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ከሴንት ሉዊስ ጥግ ካለችው ኦቨርላንድ የእሳት አደጋ ጥሪ ተደወለ። የሚነደው የቀድሞ ወታደሮች የግል ማህደር የሚቀመጥበት ብሔራዊ ማዕከል ስድስተኛ ፎቅ ነበር። ከአርባ የሚበልጡ የአካባቢው የእሳት አደጋ ክፍሎች ተረባረቡ። እሳቱ ግን 22 ሰዓት ያህል እንዳሻው ነደደ፤ ፈጽሞ ጠፋ የተባለው ከአራት ቀናት በኋላ ነው። መነሻው እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አልታወቀም።

ሕንፃውን የነደፈው ሚኖሩ ያማሳኪ ነው፤ በኋላ የኒውዮርክን መንትያ ሕንፃዎች የነደፈው ያው ሰው። ማህደሮቹ በተደረደሩባቸው አዳራሾች ጣሪያ ላይ እሳት ሲነሳ ውኃ የሚረጭ ቧንቧ አልተዘረጋም ነበር። የዘመኑ መዝገብ ቤቶች ቧንቧው ቢያፈስ ወረቀት ይበላሻል የሚል ስጋት ነበራቸው። የተፈራው ውኃ ግን መምጣቱ አልቀረም፤ ከነበልባሉ የተረፈው ወረቀት በእሳት አደጋ ሠራተኞች ውኃ በሰበሰ፣ የበጋው ሙቀትም ሻጋታ አበቀለበት። ወረቀቱን ለማድረቅ የአውሮፕላን ፋብሪካው የማክዶኔል ዳግላስ አንድ ትልቅ ክፍል ተለመነ። ክፍሉ አየሩ ተመጥጦ የሚወጣለት፣ የሕዋን ሁኔታ አስመስሎ መሣሪያ ለመፈተን የተሠራ ነበር። 

የጠፋው ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን ማህደር ይገመታል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1912 መጨረሻ እስከ 1960 መግቢያ ከምድር ጦር የተሰናበቱት ሰዎች መዝገብ 80 በመቶው፣ ከ1947 እስከ 1964 መግቢያ ከአየር ኃይል ከተሰናበቱት ደግሞ የስማቸው ፊደል በተራው መጀመሪያ ላይ የዋለላቸው ሲቀሩ 75 በመቶው ዐመድ ሆነ። ቅጂ አልነበረም። ማይክሮፊልም አልነበረም። የማን ማህደር የት መደርደሪያ ላይ እንደነበር የሚያሳይ ዝርዝር እንኳ አልነበረም፤ በመሆኑም ምን እንደጠፋ በስም ለይቶ መናገር አይቻልም።

እዚህ ላይ የኛ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። የቃኘው ሻለቃ በ1951 ኮሪያ ደርሶ ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ ነበር። በዚያ ክፍለ ጦር ውስጥ ከኢትዮጵያውያኑ ጎን የተዋጉት፣ ጦርነቱ አብቅቶ ወደየቤታቸው የተሸኙት አሜሪካውያን ማህደር አብዛኛው በዚያ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ስለ ቃኘው ስናወራ ስለ ኮረብታዎቹ እንጂ ስለ ወረቀቶቹ አናወራም፤ ለዘማቹ ግን ቀሪ ዘመኑን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ነው።

ለምን? በአሜሪካ አንድ ወታደር ሲሰናበት የሚሰጠው አንድ ቅጽ አለ፤ ከ1950 ጀምሮ የሚሠራበት ዲዲ 214 የሚባለው። ወታደሮች ብዙ ጊዜ በቁጥሩ ይጠሩታል፤ «ሁለት አሥራ አራትህን ይዘሃል?» ይባባላሉ። መቼ እንደገባ፣ መቼ እንደወጣ፣ የት እንደዘመተ፣ ምን ሜዳልያ እንዳገኘ፣ በምን ዓይነት ስንብት እንደወጣና ለምን እንደወጣ ይጻፍበታል። ሕክምናው፣ የቤት ብድር ዋስትናው፣ የትምህርት ክፍያው፣ በመንግሥት ሥራ የሚሰጠው ቅድሚያ፣ ሲሞትም አስከሬኑን የሚሸፍነው ባንዲራ ይህን ወረቀት ተከትለው ነው የሚመጡት። የስንብት ዓይነት በምትለው ሣጥን ውስጥ ከ«የክብር ስንብት» ሌላ ቃል ከገባ ሰውየው በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ታሪኩን እንደ አዲስ ሲያስረዳ ይኖራል።

ስሕተቱ ደግሞ ሁልጊዜ ከባድ አይደለም። የአገልግሎት ቀን በአንድ ወር ይዛባል፤ የተሸለመው ሜዳልያ ይረሳል፤ የዘመተበት አገር ሳይጻፍ ይቀራል። በአሜሪካ ጦር ውስጥ ላገለገለ ሐበሻ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለ። ኃይለ ማርያም የሚለውን አንድ ስም ጸሐፊው ለሁለት ይሰነጥቀውና «ማርያም» የቤተሰብ ስም ሆና ትቀራለች። በሌላ ወረቀት ላይ ተገጣጥሞ ይጻፋል፤ በሦስተኛው የእንግሊዝኛው ሆሄ ይለወጣል። የትውልድ ዘመንም አለ፤ የኛና የፈረንጁ አቆጣጠር በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚራራቅ፣ አንዴ ሳይሰላ የገባ ቁጥር ሰውን ከዕድሜው በላይ ትልቅ አድርጎ ያስቀረዋል። ኮምፒዩተሩ ሦስት ሰው አድርጎ ያያል፤ ሰውየው አንድ ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ትንሽ ግድፈት መንገዱ ያን ያህል አይከብድም። ጦሩ ራሱ ዲዲ 215 የሚባል የማረሚያ ወረቀት ያወጣል፤ የመጀመሪያው ሳይቀየር ከጎኑ ተያይዞ ይኖራል። ነገር የሚከረው የስንብቱ ዓይነት፣ የስንብቱ ምክንያት ወይም የወታደራዊ ፍርድ ቤት ውሳኔ ጉዳይ ሲሆን ነው። ያኔ ጉዳዩ ወደ ቦርድ ይሄዳል።

ከ1946 በፊት መዝገብ የሚያርም ቦርድ አልነበረም። የወታደርን መዝገብ ለማስተካከል ኮንግረሱ ለዚያ ለአንድ ሰው ብቻ ሕግ ማውጣት ነበረበት። እንደራሴው ሰውየውን ካላወቀው ወይም ካልተማለደ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ኮንግረሱ በጊዜ እጥረት ሲጨነቅ ይህን ሸክም ለየጦር ዘርፎቹ አስተላለፈ፤ በሲቪሎች የሚመራ የመዝገብ ማረሚያ ቦርድ ተቋቋመ። የቦርዱ ሥልጣን ሰፊ ነው፤ ስሕተትን ብቻ ሳይሆን በደልንም ማንሳት ይችላል። አመልካቹ ስሕተቱን ካወቀ በ3 ዓመት ውስጥ ማመልከት አለበት፤ ቦርዱ ለፍትሕ ይጠቅማል ካለ ግን ቀኑ ማለፉን ሊተወው ይችላል። ሌላ የስንብት ገምጋሚ ቦርድም አለ፤ እሱ ከስንብቱ በኋላ እስከ 15 ዓመት ድረስ የቀረበለትን ያያል። የማመልከቻው ቅጽ ቁጥር ለአንዱ ዲዲ 149፣ ለሌላው ዲዲ 293 ነው። አንዱን ከሌላው ያምታታ ሰው ወራት ይባክንበታል።

የሁሉም ሥር ግን አንድ ደንብ ነው፦ መዝገቡ ትክክል ነው ተብሎ ይገመታል። ጸሐፊው ሥራውን በአግባቡ እንደሠራ ተቆጥሮ፣ አልሠራም የሚለው ወታደር ማስረጃ እንዲያመጣ ይጠየቃል። በተራ ፍርድ ቤት ቢሆን ከሳሽ ያስረዳ ማለት ያለ ነገር ነው። እዚህ ግን ወረቀቱን የጻፈው ጦሩ፣ የሚፈርደው በጦሩ ሥር ያለ ቦርድ፣ ማስረጃው ያለው በመንግሥት መዝገብ ቤት ነው፤ ይህን አሟላ የሚባለው ደግሞ የ19 ዓመት ልጅ ሆኖ የቀረበለትን ወረቀት ፈርሞ የወጣ ሰው ነው። ጸሐፊ፣ ዳኛና ግምጃ ቤት ጠባቂ ከአንድ ወገን ሲሆኑ «ማስረጃ አምጣ» ማለት ከባድ ቃል ነው። በሴንት ሉዊስ ማህደሩ ለነደደበት ሰው ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

በእርግጥ የማዕከሉ ሠራተኞች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ከፍርስራሹ 6.5 ሚሊዮን ያህል የተቃጠለና የረጠበ ማህደር አትርፈዋል። የቀረውን ከሌላ ቦታ ይለቅማሉ፤ የየጦር ክፍሉ የማለዳ ሪፖርት፣ የመጨረሻ ደመወዝ ሰነድ፣ የሆስፒታል መግቢያ ዝርዝር። በ1988 ከተገኙት የኮምፒዩተር ካሴቶች ውስጥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትና በኮሪያ ጊዜ ሆስፒታል የገቡ ወታደሮች በሚሊዮን የሚቆጠር መረጃ ነበር። አንድ ቁስለኛ መቁሰሉን የሚያረጋግጥለት ማስረጃ የተገኘው ከእሳቱ 15 ዓመት በኋላ፣ አልጋ ከያዘበት መዝገብ ላይ ነው። ወረቀትን የሚያርመው ወረቀት ነውና።

ወረቀቱ ጭራሽ ሊኖር የማይችልበት ጊዜም አለ። ከቬትናም የተመለሰ ወታደር እንቅልፍ አጥቶ፣ ጠጥቶ፣ ሥራ ጥሎ ጠፍቶ ያለ ክብር ቢባረር፣ በጦርነት የታወከ አእምሮ ምክንያት ነው ብሎ ሐኪም የጻፈለት ነገር የለም፤ ሕመሙ ራሱ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ ስም ያገኘው በ1980 ነው። በ2014 የመከላከያ ሚኒስትሩ ቸክ ሄግል ቦርዶቹ እንዲህ ያለውን ማመልከቻ በለዘበ ዓይን እንዲመለከቱ መመሪያ አወጣ። ሄግል ራሱ በቬትናም በእግረኛ ወታደርነት የተዋጋ ነው፤ ይህ በአጋጣሚ አይመስለኝም። በ2017 ሌላ መመሪያ ተጨምሮ ራሱ የወታደሩ ምስክርነት ሚዛን እንዲሰጠው ተደረገ።

ጦሩ ማስረጃ አምጣ ሳይል ራሱ ማህደር የገለጠበትም ጊዜ አለ። በተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ምክንያት ወታደርን የሚያሰናብተው ሕግ በ2011 ከተሻረ በኋላም ብዙዎቹ ማመልከት ያለባቸው ራሳቸው ነበሩ። በ2023 ግን የመከላከያ ሚኒስቴሩ ማመልከቻ ሳይጠብቅ ማህደራቸውን ማገላበጥ ጀመረ፤ በቀጣዩ ዓመት ከ800 በላይ ሰዎች ስንብታቸው ወደ ክብር ስንብት ከፍ እንዲል ተወሰነ። ስለዚህ አይቻልም የሚባል ነገር የለም፤ ሲፈለግ ይቻላል።

የወረቀትን ነገር ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ግን የፎርት ሎተን ጉዳይ ነው። ፎርት ሎተን በሲያትል የነበረ የጦር ሰፈር ነው። በኦገስት 1944 አንድ ሌሊት በጥቁር አሜሪካውያን ወታደሮችና በጣሊያን ምርኮኞች መካከል ግርግር ተነሣ፤ ነጋ ሲባል ጉሊየልሞ ኦሊቮቶ የተባለ ምርኮኛ ተሰቅሎ ተገኘ። 43 ጥቁር ወታደሮች በአንድ ላይ ተከሰሱ። ለሁሉም የተመደቡላቸው ሁለት ጠበቆች ነበሩ፤ ለመዘጋጀት የተሰጣቸውም ከሁለት ሳምንት ያነሰ ጊዜ። ከሳሹ ሊዮን ጃዎርስኪ ነበር፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በዋተርጌት ጉዳይ ኒክሰንን ያሳደደው ያው ሰው። 28ቱ ተፈረደባቸው። ከእነሱ አንዱ ሳሙኤል ስኖው ነው፤ ከአንድ ዓመት በላይ ታስሮ ያለ ክብር ተሰናብቶ ፍሎሪዳ ወዳለች ሊዝበርግ ተመለሰ። የጦር ሠራዊት ተመላሾች ለትምህርትና ለቤት ሲጎርፍላቸው የነበረው እርዳታ እሱን አልፎት ሄደ፤ ዕድሜውን በጉልበት ሥራ ገፋ።

ጃክ ሃማን የሚባል ጋዜጠኛ የኦሊቮቶን መቃብር አይቶ ነገሩን መመርመር ጀመረ። ከባለቤቱ ጋር ብሔራዊ መዝገብ ቤት ገብተው በምስጢር ተይዞ የቆየ የአንድ ጄኔራል የምርመራ ሪፖርት አገኙ። ሪፖርቱ የጦር ሰፈሩን ምርመራ ክፉኛ ይነቅፋል። ጃዎርስኪ እጁ ላይ ነበር፤ ተከላካይ ጠበቆቹ ግን አላዩትም። የሃማን መጽሐፍ በ2005 ታተመ፤ የምድር ጦር የመዝገብ ማረሚያ ቦርድም በኦክቶበር 2007 ችሎቱ ከመሠረቱ ፍትሕ የጎደለው ነበር ብሎ ፍርዱን ሻረ።

ስኖው በሕይወት ነበር። ጦሩ በእስር ላይ እያለ የቀረበትን ደመወዝ አስልቶ ቼክ ላከለት፤ 725 ዶላር፣ ያለ ወለድ። 63 ዓመት የቆየ ዕዳ በዚያው በአሮጌው ዋጋ ሲከፈል ሰው መሳቅ ይሁን ማልቀስ ይቸግረዋል። በኋላ ኮንግረሱ ወለድ እንዲታሰብ ሕግ አወጣ።

ጁላይ 26፣ 2008፣ በኛ ሐምሌ 19 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ በፎርት ሎተን የይቅርታ ሥነ ሥርዓት ተዘጋጀ። ስኖው ከፍሎሪዳ ተነሥቶ ሲያትል ደረሰ፤ በዕለቱ ግን ታሞ ሆስፒታል ገባ። የክብር ስንብት ወረቀቱን በእሱ ፈንታ ልጁ ተቀብሎ አልጋው ድረስ ወሰደለት። ስኖው ያን ሌሊት ሞተ።