ትርፍ ቤት ትርፉ ስንት ነው?

ደብረ ታቦር ላይ መስከረም ሲጠባ የኪራይ ገበያው መከፈቱ የሚታወቀው በደላላ ስልክ ሳይሆን በስንቅ ነው። ከፋርጣ ወይም ከጉና በጌምድር ቀበሌዎች የመጣ አባት ዱቄቱን፣ ሽሮውንና የተጠቀለለውን ፍራሽ አስጭኖ፣ ልጁን ከፊት አስቀድሞ የግቢ በር ያንኳኳል። ክፍሉን ሲያሳዩት መጀመሪያ ቀና ብሎ ቆርቆሮውን ያያል፤ ቀጥሎ ግድግዳውን በመዳፉ ይዳብሳል። ጉና ተራራ ሥር ያደገ ሰው ብርድ የሚያስገባ ቤት ለይቶ ያውቃል። ከዚያ ዋጋ ጠይቆ ጥቂት ብር ያስቀንሳል፣ የመጀመሪያውን ወር ይከፍላል። ሲወጣ ግን ስለ ብር አያወራም። «እትዬ፣ ልጄን አደራ» ብሎ ይሄዳል። ድንች ሲደርስ አንድ ከረጢት ድንች ለአከራይዋ መምጣቱ አይቀርም፤ በሒሳብ ግን አይገባም።

የዚያ ክፍል ባለቤት ብዙ ጊዜ መምህር፣ ነርስ፣ የወረዳ ሠራተኛ ወይም አነስተኛ ነጋዴ ነው። ራሱን ኢንቨስተር ብሎ አይጠራም፤ «ሰርቪስ አለኝ» ነው የሚለው። ከትልቁ ቤት ጀርባ መጀመሪያ አንድ ክፍል ይሠራል፤ እቁብ ሲወጣለት ሁለተኛውን ይጨምራል፤ ከመምህራን ቁጠባና ብድር ማኅበር ተበድሮ ሦስተኛውን ያቆማል። ቅዳሜና እሑድ ጭቃ ያስቦካል፣ ምስማር ይገዛል፣ ከአናጢ ጋር ይከራከራል። ሰኞ ጠዋት ሥራው ላይ ነው።

በሌላው ዓለም እንዲህ ያለው ሰው የሚያድገው በባንክ ገንዘብ ነው። የቤቱን ዋጋ አብዛኛውን ባንክ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ያበድረዋል፣ ዕዳውን ተከራይ ይከፍልለታል፣ የመጀመሪያውን ቤት አስይዞ ሁለተኛውን ይገዛል። እዚህ ያ መንገድ ለመምህር ዝግ ነው። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የንግድ ባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ ሲያበጅ ጠባቡ በር ይበልጥ ጠበበ። ጣሪያው ከጊዜ በኋላ ከፍ ቢልም፣ ለሰርቪስ ቤት የረጅም ጊዜ ብድር እሰጣለሁ የሚል ባንክ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ የደብረ ታቦሩ ባለቤት የሚያድገው በደመወዙና በእቁቡ ፍጥነት ነው። ቀርፋፋ ነው፤ ግን ወለድ አያሳድደውም። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ሽማግሌዎች ደግሞ ሌላ ምክር አላቸው። «አንድ ቤት ይበቃል» ይላሉ፤ ምክንያታቸውም ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደለት፤ የቀረው ለቀበሌና ለኪራይ ቤቶች ሄደ። «ትርፍ ቤት» የሚለው ቃል ያኔ የክስ ያህል ነበር። ያን ቀን ያሳለፈ ሰው ዛሬም ሦስተኛ ክፍል ሲጨመር ደስ አይለውም፤ እኔም ልፈርድበት አልችልም። አሁን የሚያሳስበው ግን መወረሱ ሳይሆን ትርፉ ነው። እስቲ እናስላው።

ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢ በራሱ ሰፈር ዋጋ ይተካቸው። አንድ የእንጨትና የጭቃ ክፍል ምርጊቱ፣ ቆርቆሮውና የሲሚንቶ ወለሉ ተጨምሮ 200,000 ብር ፈጀ እንበል። ኪራዩ በወር 2,000 ብር ነው። አከራዩ ወዲያው በ12 ያባዛና «በዓመት 24,000፣ ማለት 12 በመቶ» ይላል። ተማሪ ግን ሐምሌና ነሐሴ የለም፤ ስለዚህ ገቢው 20,000 ነው። ከክረምት በኋላ ግድግዳ ይመረጋል፣ ቆርቆሮ ይጠገናል፤ 2,000 እንያዝለት። ሳይከፈል የቀረ መብራትና ውኃ 1,000 ይሁን። 17,000 ብር ቀረ፤ 8.5 በመቶ ማለት ነው። ባንክ ለቁጠባ 7 በመቶ ቢከፍል፣ ያው 200,000 ብር ያለ ምንም ድካም 14,000 ያመጣል። ልዩነቱ 3,000 ብር ነው፤ ሁለቱም ከግብር በፊት። የዓመቱ እሑዶች፣ የአናጢው ጭቅጭቅ፣ የቆጣሪው ክርክር ዋጋቸው ይህች 3,000 ናት። ክፍሉ ሌላ ሁለት ወር ባዶ ካደረ ደግሞ ትርፉ ወደ 6.5 በመቶ ይወርድና ባንኩ ይበልጣል።

አሁን ያንኑ ክፍል ለነርስ በ1,800 ብር እናከራይ። ዓመቱን ሙሉ ትኖራለች እንበል፤ 21,600 ገባ፣ ያው 3,000 ወጪ ተቀነሰ፣ 18,600 ቀረ። 9.3 በመቶ። በየወሩ 200 ብር ያነሰ ኪራይ በዓመቱ 1,600 ብር በለጠ። ብዙ አከራይ ግን መስከረም ላይ የጨመረውን ይቀበላል፤ ሰኔ ላይ የሚለቅቀውን አያስብም።

ታዲያ ትርፉ ይህን ያህል ቀጭን ከሆነ ሰው ለምን ይሠራል? ቤት ብርን ስለሚያቆይ ነው። ከ2013 እስከ 2016 ዓ.ም. የአገሪቱ የዋጋ ንረት በአማካይ ከ20 በመቶ በላይ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ጊዜ በባንክ የተቀመጠ ብር ሲሟሟ ቆርቆሮና ምስማር ሆኖ የቆመ ብር አልሟሟም። ይህ እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ሰርቪስ ክፍል ለብቻው ካርታ የለውም። የልጅ ሕክምና ቢመጣ ከግቢው ሦስተኛዋን ክፍል ነጥሎ መሸጥ አይቻልም፤ የሚሸጠው ግቢው በሙሉ ነው። የተጠራቀመው ዋጋ ተቆልፎበታል፤ እጅ የሚገባው ኪራዩ ብቻ ነው።

የግቢ ሰርቪስ ሲበዛ ሌላ አደጋ አለ። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ በዙሪያው የተሠራው ሁሉ መምህሩንና የአስተዳደር ሠራተኛውን አስቦ ነው። አምስቱን ክፍል ለአንድ ተቋም ሠራተኞች ያከራየ ሰው አምስት ቤት የለውም፤ አምስት በር ያለው አንድ ቤት ነው ያለው። ደመወዝ ሲዘገይ አምስቱም በር ይዘገያል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሆነውንም እናስታውስ፤ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ መንገድ ሲቋረጥ፣ የዚያ አባት ስንቅ አልመጣም። በተማሪ ብቻ የቆመ ግቢ ባዶ ሲሆን፣ ከወረዳ ወደ ዞን ከተማ የገባውን ሠራተኛ ማስተናገድ የሚችል ክፍል ያለው ተረፈ። እኔ አንድ ክፍል ለመጨመር ገንዘብ ቢኖረኝ ስድስተኛ ሰርቪስ አልሠራም፤ ግቢው ወደ መንገድ ፊት ካለው ለትንሽ ሱቅ የሚሆን በር እከፍታለሁ። ወይም ለባለ ምጣድ ተከራይ የራሱ ቆጣሪ አስገባለታለሁ። በአንድ ቆጣሪ ሁለት ምጣድ የሚጣድበት ግቢ ውስጥ ጥሩ ተከራይ ዓመት አይሞላም።

ሁለተኛ ግቢ መግዛት ለሚያስብ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሻጭ ከሽያጭ ትርፉ ላይ 15 በመቶ ግብር ሊኖርበት ይችላል፤ ያንን ለማምለጥ ውሉ ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ እንዲጻፍ ይለምናል። የተስማማ ገዥ በኋላ ሲሸጥ ያው ትንሽ ዋጋ መነሻ ይሆንበታል፤ የሻጩን ግብር ራሱ ከፈለ ማለት ነው።

ሕጉም እየቀረበ ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ የኪራይ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም በዓመት አንዴ በተቆጣጣሪው አካል በሚወሰነው ልክ እንዲሆን ይላል። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የንብረት ታክስ አዋጅ ጸድቋል። የኪራይ ገቢ ግብርም በሠንጠረዥ «ለ» ድሮም አለ። እስካሁን በቃልና በአደራ የኖረው የሰርቪስ ቤት ገበያ ወደ ወረቀት መግባቱ አይቀርም። ስለዚህ ቀጭኗ 3,000 ብር ገና ትቀጥናለች፤ አዲስ ክፍል ለመጨመር የሚያስብ ሰው ግብሩን ከወዲሁ ከሒሳቡ ይቀንስ።

ሒሳቡን ሠርቶ ለመገንባት የቆረጠ ደግሞ ቀኑን ይጠንቀቅ። ጉና ሥር ቆርቆሮው እስከ ግንቦት ማብቂያ ካልተመታ ምርጊቱ ከጥቅምት በፊት በደንብ አይደርቅም፤ ተማሪው ግን መስከረም ላይ ቤቱን ይዞ ያበቃል።