ሳይቀምሱ የሚያጣፍጡ እጆች
በካትማንዱ ሸለቆ፣ በአንዲት እናት ማዕድ ቤት የዋለ ትምህርት

ኔፓል ውስጥ ሰው ከሰው ሲገናኝ ከ«ናማስቴ» ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ «ካና ካኑብዮ?» የሚል ነው። «ምግብ በሉ?» ማለት ነው። እዚያ ምግብ ማለት ደግሞ በዋናነት ሩዝ ነው። ሻይ በብስኩት የጠጣ፣ ፍራፍሬ የቀማመሰ ሰው ሩዝ ካልቀረበለት «በልቻለሁ» ለማለት ይከብደዋል። «እንጀራ ካልበላሁ የበላሁ አይመስለኝም» የሚል አባት ቤቱ ያለ አንባቢ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

የአገሬው የዕለት ማዕድ ዳል ባት ይባላል። ዳል ከምስር ወይም ከሌላ ጥራጥሬ የሚሠራ ቀጠን ያለ ወጥ ሲሆን ባት የተቀቀለ ሩዝ ነው። አጠገባቸው ታርካሪ የሚባል የአትክልት ወጥ፣ በዘይት የበሰለ ቅጠል እና አቻር የሚባል የሚያቃጥል ማባያ ይቀመጣል። ብዙ ቤተሰብ ይህንኑ በቀን 2 ጊዜ ይበላል፤ ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ እና ማታ ከ1 እስከ 2 ሰዓት። የቱሪስቶች ሰፈር በሆነው በታሜል «የዳል ባት ኃይል፣ 24 ሰዓት» የሚል የታተመባቸው ካናቴራዎች ይሸጣሉ። ተራራ የሚወጡት አስጎብኚዎችና ሸክም ተሸካሚዎች ጉልበታቸውን ከየት እንደሚያገኙ የሚናገር ቀልድ ነው።

ባለፈው ዓመት ለሥራ ካትማንዱ በሄድኩበት ጊዜ ይህን ማዕድ ሬስቶራንት ገብቶ ማዘዝ ቀላል ነበር። እኔ ግን አንድ የዕረፍት ቀን ስለነበረኝ፣ ከዋና ከተማዋ ጋር በተያያዘችው በላሊትፑር፣ በተለምዶ ስሟ ፓታን፣ አንድ ቤተሰብ ቤት ገብቼ ከእናትየዋ ጋር ማብሰልን መረጥኩ።

ደንበኛው ከፍሎ ሽንኩርት የሚከትፍበት ሥራ

እንግዳን ቤት አስገብቶ በማስተናገድ ገቢ ማግኘት በኔፓል የቆየ ነገር ነው። በአገሪቱ ምዕራባዊ ክፍል፣ በስያንግጃ አውራጃ የምትገኘው የጉሩንግ ሕዝብ መንደር ሲሩባሪ ቱሪስቶችን በየቤቱ ማሳደር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ መንግሥት ለዚሁ መስተንግዶ መመሪያ አወጣ። ከካትማንዱ በስተደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በጥንታዊቷ ፓናውቲ ከተማ እንግዶችን የሚቀበሉትና ሥራውን የሚመሩት ሴቶች ናቸው። የምግብ ማብሰል ትምህርቱም የዚህ ልማድ ታናሽ እህት ነው።

በማርኬቲንግ ሙያ ለሚተዳደር ሰው ነገሩ ያስገርማል። ሆቴል ውስጥ ደንበኛ የሚከፍለው ሌላ ሰው እንዲሠራለት ነው። እዚህ ግን ደንበኛው የሚከፍለው ራሱ ሽንኩርት ሊከትፍ፣ ዝንጅብል ሊልጥ ነው። እናትየዋም ሥራውን ለመጀመር ሱቅ አልተከራየችም። ምድጃው፣ ድስቱ፣ መፍጫ ድንጋዩ ቤት ውስጥ የነበሩ ናቸው። እውቀቱም እንዲሁ። ለዓመታት ያለ ክፍያ ስትሠራው የኖረችው ሥራ ዋጋ ያለው መሆኑን ያወቀችው ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ከፍሎ ሲማረው ነው።

ጁቶ

ማዕድ ቤቱ የቤቱ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። በካትማንዱ ሸለቆ በብዙ ቤቶች ይህ የተለመደ ነው፤ ማዕድ ቤት ከውጭ ሰው እግርና ከጫማ የራቀ ንጹህ ቦታ መሆን አለበት ተብሎ ይታመናል። ጫማ ታች ይወልቃል። እጅ ይታጠባል። ከመግባት በፊትም ፈቃድ መጠየቅ ጨዋነት ነው። ባለቤቲቱን «ዲዲ» አልኳት፤ «ታላቅ እህቴ» ማለት ነው፣ እኛ «እትዬ» እንደምንለው። እሷም «ባሂኒ» አለችኝ፤ ታናሽ እህቴ። ትንሹ ልጇ በእንግሊዝኛ እያስተረጎመ ሥራ ጀመርን።

የመጀመሪያው ትምህርት የመጣው ዳሉ ሲንተከተክ ነው። በእኛ ልማድ ወጥ የሚሠራ ሰው በማማሰያው ጫፍ ጠብ አድርጎ መዳፉ ላይ ይቀምሳል። በዲዲ ቤት ይህ አይደረግም። አፍ የነካው ምግብ፣ የተቀመሰበት ማንኪያ፣ የተጠጣበት ብርጭቆ «ጁቶ» ይባላል፤ ለሌላ ሰው ማቅረብ ነውር ነው። ባህሉን በሚጠብቁ ቤቶች አብሳይዋ ምግቡ ማዕድ ላይ ሳይቀርብ አትቀምሰውም።

ታዲያ ጨው በምን ይለካል? በእጅ ነው። ዲዲ በ3 ጣቷ ጨው ትቆነጥራለች፣ ትበትናለች፣ በእንፋሎቱ ላይ ጎንበስ ብላ ታሸታለች። የሽታው መለወጥ፣ የዘይቱ ድምፅ፣ የአረፋው መልክ ይነግሯታል። ምግቡ ሲቀርብ ጨው የጎደለው አንድም አልነበረም።

መጨረሻ ላይ የሚመጣ ቁሌት

የእኛ ወጥ የሚጀምረው በቁሌት ነው። ሽንኩርቱ ተቁላልቶ፣ በርበሬው ታሽቶ፣ ከዚያ ሌላው ይከተላል። የኔፓል ዳል ግን የተገላቢጦሽ ነው። ምስሩ በእርድ፣ በጨውና በዝንጅብል ብቻ በፕሬሸር ኩከር ይበስላል። በረፋድ በሰፈሩ ውስጥ ከየመስኮቱ የሚሰማው ፉጨት የዚሁ ድስት ነው። ምስሩ ከበሰለ በኋላ በትንሽ መጥበሻ የተነጠረ ቅቤ ይሞቃል፤ ከሙን፣ ዛላ በርበሬና ጂምቡ ይጨመርበታል። ጂምቡ ከሙስታንግና ከዶልፖ ደጋማ አካባቢዎች የሚመጣ፣ የሽንኩርትና የነጭ ሽንኩርት ዘመድ የሆነ የደረቀ ቅጠል ነው። ቅቤው እንደተንጨረጨረ ዳሉ ላይ ይገለበጥና ድስቱ ወዲያው ይከደናል፤ ሽታው እንዳያመልጥ። ይህ ሥራ «ጃኑ» ይባላል።

ለታርካሪው የሰናፍጭ ዘይት እስኪጨስ ተግሎ አብሽ ይጣልበታል። አብሹ ጠቆር እስኪል ይጠበሳል፤ ከዚያ እርድ፣ ድንች፣ አበባ ጎመን፣ ከሙንና ድንብላል ይከተላሉ። ለአቻሩ ደግሞ ቲማቲም በእሳት ላይ ተጠብሶ ከቃሪያ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ቲሙር ከሚባል ቅመም ጋር በሲላውቶ ይፈጫል። ሲላውቶ ጠፍጣፋ መፍጫ ድንጋይ ነው፤ ዳጣ በድንጋይ ሲፈጭ ያየ ሰው አይቸገርበትም። ቲሙር ግን ሌላ ነገር ነው። ምላስን ከማቃጠል ይልቅ ያደነዝዛል፣ ይነዝራል።

ጣሪያው ላይ ጉንድሩክ ተሰጥቶ ነበር። የሰናፍጭ ወይም የፍጅል ቅጠል ጠውልጎ ይጨፈለቃል፤ አየር እንዳይገባ በማሰሮ ተጠቅጥቆ ለቀናት ይቦካል፤ ከዚያ በፀሐይ ይደርቃል። አትክልት በሚጠፋበት ወቅት ሾርባ ይሆናል። ኮምጣጣ ሽታው ቆጮ የሚወድን ሰው አያስደነግጥም።

ስልክ ከዶሃ

ሩዙ ሊወጣ ሲል የዲዲ ስልክ ጠራ። ዶሃ ሆቴል ውስጥ የምትሠራው ትልቋ ልጇ ናት። የዕረፍት ቀኗ ስለሆነ ዳል እየሠራች ነበር፤ ግን «እንደ ቤት አልሆነልኝም» አለች። ቅቤው ምን ያህል ማንኪያ ይሁን? ጂምቡው ስንት ደቂቃ ይቆይ? ዲዲ መለሰች፦ «ሽታው እስኪወጣ»። ልጅቷ ካሜራውን ወደ መጥበሻው አዞረች። ዲዲ ትንሽ አየችና «ባቡ፣ ስልክ ሽታ አያመጣም» አለቻት።

ስልኩ ሲዘጋ ዲዲ ዝም ብላ ሩዙን ማውጣት ጀመረች። ቆይታ የተናገረችውን ልጇ እያመነታ አስተረጎመልኝ። «እሷን ማዕድ ቤት አላስገባኋትም። ሽንኩርት ልትከትፍ ስትመጣ 'አንቺ ሂጂ አጥኚ፣ እኔ እሠራዋለሁ' እላት ነበር። አጠናች፤ ተመረቀች፤ ሄደች። ዛሬ ለእንግዳ በአንድ ጠዋት የማሳየውን ለእሷ በስልክ መንገር አቃተኝ።»

በኔፓል እንዲህ ያለ ስልክ በብዙ ቤት ይደወላል። ውጭ የሚሠሩ ዜጎች ወደ አገር ቤት የሚልኩት ገንዘብ ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት ሩብ ገደማ ይሆናል። ብዙዎቹ ያሉት በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በማሌዥያ ነው። ዶሃ፣ ዱባይና ሪያድ የእኛም ልጆች ከተሞች ናቸው፤ የሐበሻ እናትም በቪዲዮ ጥሪ የዶሮ ወጥ ቁሌት ቀለም ትጠየቃለች። «አንቺ አጥኚ» ደግሞ እዚህም በፍቅር የሚነገር ቃል ነው። እኔም ያደግኩት እየሰማሁት ነው፤ ዲግሪዬም የመጣው በእሱ ነው። እናቶች ልጆቻቸውን ከማዕድ ቤት ያራቁት ከጭስና ከድካም ሊያሳርፏቸው ነው። አብሮ የቀረው እውቀት ግን መጽሐፍ ውስጥ የለም። ባለሙያዋ ራሷ በቃል ልትናገረው ይከብዳታል። ጎን ቆሞ በማየትና በማሽተት ብቻ ነው የሚተላለፈው።

ጉርሻ የሌለበት ማዕድ

ማዕዱ ሲቀርብ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ሳህን አለው። ሩዙ መሐል ይቆለላል፤ ዳሉ ይፈስበታል፤ በቀኝ እጅ ተለውሶ ይበላል። አስተናጋጇ ቆማ ትጨምራለች፤ «በቃኝ» ለማለት ሳህኑን በእጅ መከለል ያስፈልጋል። ከሌላ ሰው ሳህን ግን አይነካም።

ጉርሻ ምን እንደሆነ ስነግራት ዲዲ ሳቀች። እነሱም የሚያጎርሱበት ቀን አለ፦ ፓስኒ። ሕፃን ለመጀመሪያ ጊዜ ሩዝ የሚቀምስበት በዓል ነው፤ በልማዱ ለሴት ልጅ በ5 ወር፣ ለወንድ በ6 ወር ገደማ ይደረጋል። ዘመድ ተሰብስቦ በተራ ያጎርሰዋል። የሰው ልጅ ከቤተሰቡ ጋር የሚተሳሰረው በእህል መሆኑን ሁለቱም አገሮች ያውቃሉ፤ የሚለያዩት እጁ ስንት ጊዜ ወደ አፍ እንደሚዘረጋ ነው።

ቤታችሁ ውስጥ ለመጀመር

የዲዲን ዘዴ ወደ ራሳችን ቤት ማምጣት ይቻላል። አያት፣ አክስት ወይም ጎረቤት ያለው ቤተሰብ አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል።

አንድ ምግብ ብቻ ምረጡ። ሽሮ፣ ቅንጬ ወይም ድፎ ዳቦ ሊሆን ይችላል፤ 5 ምግብ በአንድ ቀን አይያዝም።

ባለሙያዋ በእጇ ስትዘግን ድስቱ ላይ ከመድረሱ በፊት ሳህን ዘርጉና በሚዛን ለኩት። «በግምት» የምትለው አብዛኛውን ጊዜ እምብዛም አይዛነፍም።

ከመጠኑ ጋር ምልክቱን ጻፉ። «5 ደቂቃ» ከማለት ይልቅ «ሽንኩርቱ ውሃውን ጨርሶ ድስቱን መያዝ ሲጀምር» የሚለው ይጠቅማል።

ልጆች እየሠሩ ይማሩ። የ7 ዓመት ልጅ ምስር ይለቅማል፣ ነጭ ሽንኩርት ይልጣል። ወንድ ልጅም ቢሆን። ጥናቱ ለአንድ ሰዓት ቢዘገይ አይጎዳም።

በሳምንቱ ያንኑ ምግብ ልጆቹ ይሥሩት፤ ባለሙያዋ ቁጭ ብላ ትመልከት።

የዲዲ ዳል ለ4 ሰው

1 ስኒ ምስር ክክ ታጥቦ በ4 ስኒ ውሃ፣ በግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ በ1 የሻይ ማንኪያ ጨውና በትንሽ የተፈጨ ዝንጅብል ይጣዳል። በመካከለኛ እሳት ከ20 እስከ 25 ደቂቃ፣ ክኩ እስኪፈርስ ይንተክተክ። ከወፈረ ሙቅ ውሃ ይጨመርበት፤ ዳል ሩዙ ላይ መፍሰስ አለበት።

በትንሽ መጥበሻ 1 ተኩል የሾርባ ማንኪያ ቅመም ያልገባበት የተነጠረ ቅቤ ይሙቅ። ለጾም ዘይት ይተካዋል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ 2 ዛላ በርበሬና በጂምቡ ፋንታ 3 ፍሬ በስሱ የተቆረጠ ነጭ ሽንኩርት ይግባበት። ነጭ ሽንኩርቱ ወርቃማ ሲሆንና ሽታው ቤቱን ሲሞላ ዳሉ ላይ ይገልበጥና ድስቱ ለ2 ደቂቃ ይከደን። በሩዝ ይቀርባል። ከቻላችሁ፣ ሳትቀምሱ።