መንገዱን የሚወስነው ሽንሸናው ነው
የሆሳዕናና የሌሎች የሐዲያና የከምባታ ከተሞች የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ሲዳሰሱ

ከከተማ ወደ ከተማ ለሚሄድ ሰው የሐዲያና የከምባታ አካባቢ ዛሬ ሩቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በወራቤ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሆሳዕና ይገባል፤ ከዚያም በዶዮገናና በአረካ አድርጎ ሶዶ ይወርዳል። ሾኔ ደግሞ ሀላባን ከሶዶ በሚያገናኘው አስፋልት ላይ ተቀምጣለች። ከአስፋልቱ ወርዶ ሰፈር ውስጥ መዘዋወር ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የመንገድ መረብን የሚያጠኑ ባለሙያዎች ከመንገዱ ስፋት ይልቅ መገናኛውን ይቆጥራሉ፤ አራት መንገድ የሚገጥምበት ስንት ነው፣ ጫፉ የተዘጋውስ? ባሪንግተን-ሊ እና ሚላርድ-ቦል የተባሉ ተመራማሪዎች በጎርጎሮሳውያኑ 2020 ባወጡት ጥናት፣ ከ1975 ወዲህ በብዙ የዓለም ክፍሎች የአዳዲስ ሰፈሮች መንገድ ትስስሩ እየላላ መምጣቱን አሳይተዋል። አንዴ የተዘረጋ መስመር ደግሞ በቀላሉ አይቀየርም። የተባበሩት መንግሥታት የሰዎች መኖሪያ ፕሮግራም (ዩኤን ሃቢታት) ከከተማ መሬት 30 በመቶ ያህሉ ለመንገድ እንዲተው የሚመክረውም ለዚህ ነው።

ሆሳዕና በ1987ቱ ቆጠራ 32 ሺህ፣ በ1999ኙ 70 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራት። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተባት፤ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተሰደዱት የሚልኩት ገንዘብ ፎቅ አቆመባት፤ በ2015 ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆነች። ዙሪያዋ ግን ባዶ መሬት አይደለም። በ1999ኙ ቆጠራ ጎረቤቷ የያኔው ከምባታ ጠምባሮ ዞን በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 500 ያህል ሰው ይኖርበት ነበር። ከተማው የሚሰፋው በሰው ጓሮ ላይ ነው።

ብዙውን ጊዜ የገበሬው ይዞታ ፊቱ ወደ መንገድ፣ ጀርባው ወደ እንሰቱና ወደ ማሳው የሚዘረጋ ረጅም ቁራጭ ነው። ከተማው ሲጠጋው ደላላ ይመጣል፤ መሬቱ ተሸንሽኖ በሽማግሌ ፊት በውል ይሸጣል። ለገዢዎቹ በድንበሩ ላይ ባጃጅ የምታስገባ መተላለፊያ ትተዋለች፤ የመጨረሻው ቤት አጥር ጋ ስትደርስ ታበቃለች። ጎረቤትየውም በበኩሉ እንዲሁ ያደርጋል። የሁለቱ መተላለፊያዎች ጫፍ በአንድ አጥር ይለያያል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ የፈለገ ተማሪ ግን እስከ ዋናው መንገድ ወጥቶ ዞሮ ይመለሳል። የእሳት አደጋ መኪናማ ጭራሽ አይገባም።

ሕጉ ይህን ሳያስብበት ቀርቶ አይደለም። የከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000 ከተሞች በፕላን እንዲመሩ ያዛል፤ የሊዝ አዋጅ 721/2004 መሬት በጨረታና በምደባ እንዲሰጥ ደንግጓል። ይሁንና በፕላን ላይ የተሰመረ መንገድ መሬት ላይ የሚወርደው ለባለይዞታው ካሳ ሲከፈል ነው። ካሳው በዘገየ ቁጥር ደላላው ይቀድማል፤ ጨረቃ ቤቱም መስመሩ ላይ ያርፋል።

የመሬቱ አቀማመጥም የራሱ ድርሻ አለው። የከምባታዋ ዱራሜ ከሀምበሪቾ ተራራ ግርጌ ናት፤ ተዳፋቱን ተከትሎ መሄድ ይቀላል፣ ሽቅብ ማገናኘት ግን ድልድይና ድጋፍ ግንብ ይጠይቃል። በሆሳዕናም ሸለቆዎችና ቦረቦሮች ተጎራባች ሰፈሮችን ይቆርጣሉ።

ኮብልስቶን ጭቃውን አስወግዷል፤ ለብዙ ወጣቶችም የሥራ መስክ ሆኗል። ነገር ግን ነዋሪው አዋጥቶ የሚያስነጥፈው ደጃፉን ነው፤ መውጫ የሌላት መተላለፊያም በድንጋይ ትጸናለች። የኮሪደር ልማትም ትኩረቱ በዋና ጎዳናዎች ላይ ነው።

የተሻለው ልምድ የተገኘው ከሰፈራ በፊት ከተሠራ ሥራ ነው። ከኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር በተጀመረ ፕሮጀክት አዳማ፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳና መቀሌ በማስፋፊያ አካባቢያቸው 30 ሜትር ስፋት ያላቸው ዋና መንገዶች በአንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት እንዲከለሉ ወጥነው ነበር። አስፋልቱ ይቆይ፤ መስመሩ ይከበር ነው ነገሩ። ሆሳዕና መሃሏን ለማገናኘት አጥር ማፍረስና ካሳ መክፈል ግድ ይላታል። ሆመቾ፣ ጃጁራና ሺንሺቾን ለመሳሰሉት ትናንሽ ከተሞች ግን የካሳው ሒሳብ ገና ቀላል ነው፤ ዙሪያቸው አሁንም እንሰት ነውና።