የጋናን ሰንደቅ ዓላማ በኮምፒዩተር ስለ መሣል

የአንድን አገር ሰንደቅ ዓላማ መሣል ለብዙ ሰው ቀላል ሥራ መስሎ ይታያል። ሦስት መደቦችን አስምሮ፣ በየመደቡ ቀለም ቀብቶ፣ በመሀል ምልክት ማኖር ነውና ምን ችግር አለው ያሰኛል። ይሁን እንጂ በአንድ ክፍል የሚገኙ አርባ ተማሪዎች ያለ መለኪያ፣ በእጃቸው ብቻ እንዲሥሉ ቢታዘዙ፣ አርባ የተለያዩ ሥዕሎች ይገኛሉ። የአንዱ ይረዝማል፤ የሌላው ያጥራል። የአንዱ ቀይ ወደ ብርቱካን፣ የሌላው ወደ ቡና ዓይነት ያደላል። አንዱ የሣለው ኮከብ ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ የሌላው ወደ ጎን ያዘማል። እንግዲህ ከእነዚህ ሁሉ መካከል የአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልስ መስጠት ያስቸግራል። ሰንደቅ ዓላማ መልክ ብቻ ሳይሆን ልክም አለውና።

ይህ ጽሑፍ ጀማሪ የሆነ ሰው የአንድን አገር ሰንደቅ ዓላማ በኮምፒዩተር፣ ልኩን ጠብቆ፣ እንዴት ሊሥል እንደሚችል ይገልጻል። ለምሳሌነት የተመረጠው የጋና ሰንደቅ ዓላማ ነው።

ቀድሞ ጎልድ ኮስት ትባል የነበረችው ጋና ከእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ነፃ የወጣችው የካቲት 27 ቀን 1949 ዓ.ም. ማለትም እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 1957 ነው። የሰንደቅ ዓላማዋን ንድፍ ያወጡት ቴዎዶሲያ ኦኮ የተባሉ መምህርትና ሠዓሊ ነበሩ። እኚህ ሴት እ.ኤ.አ. በ1922 ተወልደው በ2015 አርፈዋል። ሰንደቅ ዓላማው ከላይ ቀይ፣ ከመሀል ቢጫ፣ ከታች አረንጓዴ ሆኖ፣ በቢጫው መደብ ላይ አምስት ጫፍ ያለው ጥቁር ኮከብ አለበት። ቀዩ ለነፃነት ሲታገሉ የወደቁትን፣ ቢጫው የአገሪቱን የማዕድን ሀብት፣ አረንጓዴው የደኗንና የመሬቷን ልምላሜ፣ ጥቁሩ ኮከብ ደግሞ የአፍሪካን ነፃነት ያመለክታሉ። ከቅኝ አገዛዝ ከተላቀቁት የአፍሪካ አገሮች መካከል የኢትዮጵያን ሦስት ኅብራት በቅድሚያ የያዘች ጋና ናት።

በዚህ ሰንደቅ ዓላማ ላይ የሚፈጸም ትንሽ ስሕተት የሚያስከትለውን ነገር ማስተዋል ይገባል። ኮከቡ ቢረሳ ቀሪው ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ የደቡብ አሜሪካዪቱን የቦሊቪያን ሰንደቅ ዓላማ ይመስላል። ያው ያለ ኮከብ የቀረው ሥዕል ደግሞ ቢገለበጥ ቅደም ተከተሉ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ስለሚሆን የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ የቀለማት ቅደም ተከተል ይይዛል። ስለዚህ ሠዓሊው በአንድ ምልክት ወይም በአንድ መደብ ቢሳሳት፣ የጋናን ሰንደቅ ዓላማ አበላሸ ብቻ አይባልም፤ የሌላ አገር ሣለ ይባላል እንጂ።

ኮምፒዩተር ሥዕልን የሚይዝበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ ሥዕሉን ፒክሰል በሚባሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ከፋፍሎ የእያንዳንዱን ነጠብጣብ ቀለም መመዝገብ ነው። በካሜራ የተነሣ ፎቶግራፍ የሚቀመጠው በዚህ ዓይነት ነው። ርዝመቱ 900፣ ቁመቱ 600 ፒክሰል የሆነ ሥዕል 540,000 ነጠብጣቦች ይኖሩታል። ሥዕሉ በርዝመቱም በቁመቱም አሥር እጥፍ እንዲተልቅ ቢደረግ፣ እያንዳንዱ ነጠብጣብ የመቶ ነጠብጣቦችን ቦታ መሸፈን ስላለበት፣ የኮከቡ ጠርዝ እንደ ደረጃ የተሰባበረ ሆኖ ይታያል።

ሁለተኛው መንገድ ቬክተር ግራፊክስ ይባላል። በዚህ መንገድ የሚመዘገበው ነጠብጣቡ ሳይሆን የቅርጹ መግለጫ ነው። ይኸውም፣ “እዚህ ቦታ ላይ፣ ርዝመቱ ይህን ያህል፣ ቁመቱ ይህን ያህል የሆነ፣ ቀይ አራት ማዕዘን አለ” እንደማለት ነው። ሥዕሉ ሲተልቅ ኮምፒዩተሩ መግለጫውን መነሻ አድርጎ ቅርጹን እንደገና ስለሚያሰላ፣ ጠርዙ ምን ጊዜም አይሰባበርም። በመሆኑም አንዱ ሥዕል ለፖስታ ቴምብርም ሆነ ለአደባባይ መጋረጃ ያገለግላል። የጋና ሰንደቅ ዓላማ ከ540,000 ነጠብጣቦች ይልቅ በአራት መግለጫዎች፣ ማለትም በሦስት አራት ማዕዘኖችና በአንድ ኮከብ ይጠቃለላል።

ለዚህ ሥራ ከሚያገለግሉት ፕሮግራሞች አንዱ ኢንክስኬፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረ ሲሆን፣ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊገለገልበት ይችላል። ሥራውን የሚያስቀምጠው ኤስ ቪ ጂ በተባለው የፋይል ዓይነት ነው። ይሁንና “የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” እንደሚባለው፣ ፕሮግራሙን ከመክፈት በፊት ልኩን በወረቀት ላይ ማስላት ይበጃል። የጋና ሰንደቅ ዓላማ የቁመቱና የርዝመቱ ምጥጥን 2 ለ 3 ነው። ስለዚህ ርዝመቱ 900 ቢሆን ቁመቱ 600 ይሆናል። ሦስቱ መደቦች እኩል በመሆናቸው የእያንዳንዱ ቁመት 200 ነው።

ስሌቱ ካለቀ በኋላ ሥራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ይከናወናል።

በመጀመሪያ የሥዕሉ ገጽ ይዘጋጃል። ፕሮግራሙ ሲከፈት የሚመጣው ገጽ የሰንደቅ ዓላማውን ምጥጥን የጠበቀ ስላልሆነ፣ በሰነዱ ባሕርያት ሠሌዳ ውስጥ መለኪያው ፒክሰል ተደርጎ፣ ርዝመቱ 900፣ ቁመቱ 600 ተብሎ ይሞላል።

ቀጥሎ መደቦቹ ይሣላሉ። በመሣሪያዎቹ ረድፍ ላይ የአራት ማዕዘን ምልክት ያለበት መሣሪያ ተመርጦ፣ ማውሱን ተጭኖ በመጎተት በገጹ ላይ ማንኛውም አራት ማዕዘን ይሠራል። በእጅ የተጎተተው ቅርጽ ልኩ ትክክል ባይሆንም አያሳስብም፤ የሚታረመው በቁጥር ነውና። የቀስት ምልክት ያለበት የመምረጫ መሣሪያ ሲያዝ፣ ከገጹ በላይ አራት የቁጥር ሣጥኖች ይታያሉ። እነርሱም ቅርጹ ከግራ ጠርዝ ያለውን ርቀት፣ ከላይ ጠርዝ ያለውን ርቀት፣ ርዝመቱንና ቁመቱን የሚያሳዩ ናቸው። ለቀዩ መደብ በየተራ 0፣ 0፣ 900 እና 200 ይጻፋል። ከዚያም ይኸው መደብ ሁለት ጊዜ ይቀዳል። ለቢጫው ከላይ ያለው ርቀት 200፣ ለአረንጓዴው 400 ይደረጋል። ሌሎቹ ቁጥሮች ግን አይለወጡም።

ሦስተኛው ተግባር ቀለም መቀባት ነው። ኮምፒዩተር ማናቸውንም ቀለም የሚያስገኘው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃንን በመቀላቀል ሲሆን፣ የእያንዳንዱ መጠን ከ0 እስከ 255 ባለው ቁጥር ይገለጻል። ለጋና ሰንደቅ ዓላማ በኮምፒዩተር ላይ በብዛት የሚሠራባቸው ቁጥሮች እንደሚከተለው ናቸው፦ ለቀዩ 206፣ 17፣ 38፤ ለቢጫው 252፣ 209፣ 22፤ ለአረንጓዴው 0፣ 107፣ 63። ለጥቁሩ ኮከብ ሦስቱም ቁጥሮች 0 ናቸው። እያንዳንዱ ቅርጽ የውስጥ ቀለምና የጠርዝ መስመር ለየብቻው አለው። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት የጠርዙን መስመር ማጥፋት ነው። መስመሩ ካልጠፋ በመደቦቹ መካከል የማይፈለግ ሰረዝ ይታያል፤ ቅርጹም በመስመሩ ውፍረት ልክ ከተባለው መጠን ያልፋል።

አራተኛውና ጥንቃቄ የሚሻው ተግባር ኮከቡ ነው። የኮከቡ አምስት ጫፎች በአንድ ክብ ዙሪያ ላይ ያርፋሉ። ክቡ 360 ዲግሪ ስለሆነ ከአንዱ ጫፍ እስከ ቀጣዩ 72 ዲግሪ ይሆናል። የኮከብ መሣሪያው ሲመረጥ የጫፎቹ ብዛት 5፣ የውስጡ ሬዲየስ ለውጪው ሬዲየስ ያለው ምጥጥን 0.382 ተብሎ ይሞላል። ይህ ቁጥር ካነሰ ኮከቡ እንደ እሾህ ይቀጥናል፤ ከበለጠም እንደ አበባ ይወፍራል። ከዚያ በኋላ በኪቦርዱ ላይ ኮንትሮል የሚባለውን ቁልፍ ተጭኖ፣ ማውሱን ከመሀል ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ መጎተት ያስፈልጋል። ቁልፉ ኮከቡ ወደ ጎን እንዳያዘም ይጠብቀዋል።

የኮከቡ የላይኛው ጫፍ የቢጫውን መደብ ላይኛ ጠርዝ፣ ሁለቱ የታች ጫፎች ደግሞ ታችኛውን ጠርዝ ይነካሉ። ስለዚህ ቁመቱ 200 መሆን አለበት። ርዝመቱና ቁመቱ አብረው እንዲለወጡ የሚያደርገው የቁልፍ ምልክት ተጭኖ 200 ሲጻፍ፣ ርዝመቱ በራሱ ጊዜ 210.29 ይሆናል። ኮከቡ ከግራና ከቀኝ እኩል እንዲርቅ ከ900 ላይ 210.29 ተቀንሶ ለሁለት ይካፈላል። ውጤቱ 344.85 በግራ ርቀት ሣጥን፣ 200 ደግሞ በላይ ርቀት ሣጥን ውስጥ ይጻፋል። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። የቢጫው መደብ መሀል ከላይ በ300 ላይ ሲሆን፣ ኮከቡን የሚከበው ክብ መሀል ግን በ310.56 ላይ ይውላል። ኮከቡ ወደ ላይ አንድ ጫፍ፣ ወደ ታች ግን ሁለት ዘንበል ያሉ እግሮች ስላሉት፣ የላዩ ጫፍ ከክቡ መሀል የሚርቀውን ያህል እግሮቹ ወደ ታች አይወርዱም። ይህን ያላወቀ ሰው የክቡን መሀል በ300 ላይ ቢያሳርፍ፣ የኮከቡ ጫፍ በቀዩ መደብ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መለካት ያለበት በዓይን የማይታየው ክብ ሳይሆን ኮከቡ ራሱ ነው።

ቅደም ተከተልም ችላ የሚባል ጉዳይ አይደለም። በቬክተር ሥዕል ኋላ የተሠራው ቅርጽ ቀድሞ በተሠራው ላይ ይደረባል። ኮከቡ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ቢጫው መደብ ቢሣል፣ ኮከቡ ከሥር ተሸፍኖ ይቀራል። አልጠፋም፤ ነገር ግን አይታይም። እንዲህ ያለ ስሕተት ሲያጋጥም ኮከቡን እንደገና መሥራት አያስፈልግም፤ ቅርጾቹን ከፍና ዝቅ በሚያደርገው ትእዛዝ ወደ ላይ ማውጣት ይበቃል።

የቬክተር ሥዕል ጥቅም ከጋና ታሪክ ጋርም ሊገናዘብ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1964 የሰንደቅ ዓላማው ቢጫ መደብ፣ ከገዥው ፓርቲ ከኮንቬንሽን ፒፕልስ ፓርቲ ቀለማት ጋር እንዲስማማ በነጭ ተተካ። በ1966 የፕሬዚዳንት ኩዋሜ ንክሩማ መንግሥት ከተገለበጠ በኋላ ግን የ1957ቱ ቢጫ ተመለሰ። ይህን ለውጥ በቬክተር ሥዕል ላይ ለማሳየት የአንዱን መደብ ሦስት የቀለም ቁጥሮች ወደ 255፣ 255፣ 255 መለወጥ ብቻ ይበቃል። ሌላው ሁሉ ባለበት ይጸናል። ለኮምፒዩተሩ የሦስት ቁጥሮች ልዩነት የሆነው ነገር ግን ለሕዝቡ የሁለት ዘመናት ልዩነት ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ፋይሉ ይቀመጣል። ይኸው የኤስ ቪ ጂ ፋይል በተራ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ቢከፈት የሚታየው ሥዕል ሳይሆን ጽሑፍ ነው። አራት ማዕዘን የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ፣ ከየቦታው፣ ከየልኩና ከየቀለሙ ጋር በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይነበባል። የኮከቡም ማዕዘናት የሚያርፉበት ቦታ በቁጥር ተዘርዝሮ ይገኛል። እንግዲህ ሠዓሊው ሲሥል የቆየ ቢመስለውም ሲጽፍ ነው የቆየው።

ኮምፒዩተር “ኮከቡን እመሀል አካባቢ አድርገው” ቢባል አይገባውም። የቱ መሀል፣ ስንት ርዝመት፣ የትኛው ቀይ የሚሉት ጥያቄዎች አስቀድመው መመለስ አለባቸው። ሰው ግን የጎደለውን በግምት ይሞላል፤ ስለሚሞላም ብዙ ጊዜ ጉድለታችን አይታወቀንም። አርባው ተማሪዎች አርባ ዓይነት ሰንደቅ ዓላማ የሣሉት ዓይናቸው ስላላየ ወይም እጃቸው ስለ ሰነፈ አልነበረም። ልኩ ስላልተነገራቸው ነበር። ልኩ፣ ቦታውና ቅደም ተከተሉ በትክክል ቢጻፍላቸው ኖሮ፣ አርባውም ቴዎዶሲያ ኦኮ ያወጡትን አንዱን ሰንደቅ ዓላማ በሣሉ ነበር።

መልመጃ

1. “ሰንደቅ ዓላማ መልክ ብቻ ሳይሆን ልክም አለው” የሚለውን ዐረፍተ ነገር ከምንባቡ ሁለት ማስረጃዎችን በመጥቀስ አብራሩ።
2. የክቡ መሀልና የቢጫው መደብ መሀል የማይገጥሙት ለምን እንደ ሆነ በራሳችሁ አነጋገር ግለጹ።
3. በምንባቡ ውስጥ ቅደም ተከተልን የሚያሳዩ ቃላትንና ሐረጎችን ለቅማችሁ ጻፉ፤ በእያንዳንዳቸውም አንዳንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩ።
4. “ኮከቡ ከሥር ተሸፍኖ ይቀራል” በሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ባለቤቱንና ማሠሪያ አንቀጹን ለዩ።
5. የጃፓን ሰንደቅ ዓላማ በነጭ መደብ ላይ ያረፈ ቀይ ክብ ነው። የቁመቱና የርዝመቱ ምጥጥን 2 ለ 3፣ የክቡ ዲያሜትር ደግሞ የቁመቱ 3/5 ነው። ይህን ሰንደቅ ዓላማ አይቶ የማያውቅ ጓደኛችሁ ሳይሳሳት ሊሥለው እንዲችል፣ አሠራሩን በሁለት አንቀጽ ጻፉለት።