የቆየ ዋሽንት በምን ይመዘናል? የድምፅ ብቃትና ዋጋ በራያ ቆቦ ቆላ

አሮጌ የትንፋሽ መሣሪያን በመገመት ረገድ የዳበረ ልማድ ካላቸው መሣሪያዎች አንዱ ፍሬንች ሆርን ነው። ኮን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1970 አካባቢ ወደ ቴክሳስ ከማዛወሩ በፊት በኤልክሃርት ከተማ የሠራው «8ዲ» ሞዴል ዛሬም ከኋለኞቹ አብልጦ ይፈለጋል። ገዥው የፋብሪካውን ስምና መለያ ቁጥር ያነባል፤ ቫልቮቹ አየር ማፍሰስ አለማፍሰሳቸውን ይፈትሻል፤ ከዚያም ይነፋዋል። መሣሪያው በታወቀ ቃና የተቃኘ ስለሆነ ብቻውን ሊመዘን ይችላል።

በራያ ቆቦ ቆላም ሆነ በሌላው የወሎ ክፍል የሚነፋው ዋሽንት ግን የሠሪ ማኅተምም ሆነ ቁጥር የለውም። ብዙውን ጊዜ አራት ቀዳዳ ያለው የሸምበቆ ቱቦ ነው፤ ከነዝጉ አምስት ድምፆችን ይሰጣል፣ ትንፋሽ ሲጠነክርም ወደ ላይኛው እርከን ይሻገራል። ቃናው በርዝመቱና በቀዳዳዎቹ አቀማመጥ የተወሰነ በመሆኑ ነፊው ለተለያየ ቅኝትና ለተለያየ የዘፋኝ ድምፅ የተለያዩ ዋሽንቶችን ይይዛል። የአንዱ ትክክለኛነት የሚታወቀው በጓደኞቹ ነው። ሰብሳቢ ከእስሩ መካከል ያማረውን አንዱን መዝዞ ሲገዛ፣ የገዛው ቱቦውን እንጂ ቅኝቱን አይደለም።

ጤንነቱን መፈተሽ ግን ለብቻውም ይቻላል። አራቱም ቀዳዳዎች ተዘግተው ዝቅተኛው ድምፅ በለስላሳ ትንፋሽ ካልወጣ፣ ወይም እየተሰበረ ወደ ላይ ከሸሸ፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የአየር መፍሰስ ነው። ደረቅ የቆላ አየርና የነፊው እርጥብ ትንፋሽ ሲፈራረቁ ሸምበቆው ይሰነጠቃል። ሆኖም በክር የታሰረ ስንጥቅ ሁልጊዜ ነቀፋ አይደለም፤ አየር እስካላሳለፈ ድረስ መሣሪያው ጥገና የሚገባው ሆኖ መገኘቱን ይመሰክራል። የመንፊያው ከንፈር መሸራረፍ ይልቅ የከፋ ጉዳት ነው፤ ድምፁ የሚፈጠረው እዚያ ላይ ነውና።

ንጽጽሩን በቀላሉ የሚያዛባው ሙቀት ነው። የድምፅ ፍጥነት ለያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ በሴኮንድ 0.6 ሜትር ያህል ይጨምራል። የቱቦው አየር 33 ዲግሪ ሲሆን የሚሰጠው ቃና 15 ዲግሪ ሳለ ከሚሰጠው በግማሽ ሰሚቶን ገደማ ይበልጣል። የነፊው ትንፋሽ ቱቦውን ስለሚያሞቀው ልዩነቱ በተግባር ይቀንሳል፤ ቢሆንም ቆቦ ላይ በቀትር የተቀዳን ዋሽንት ላስታ ደጋ ላይ በምሽት ከተቀዳ ጋር ሙቀት ሳይመዘግቡ ማወዳደር፣ የአየር ጠባይን ልዩነት የአሠራር ልዩነት አድርጎ ማቅረብ ይሆናል።

ዋጋን በተመለከተ ዕድሜ ብቻውን አያስወድድም። ጠቁሮና ወዝቶ የሚያምር፣ ነገር ግን ዝቅተኛ ድምፁ የጠፋ ዋሽንት ለመስታወት ሣጥን ይበቃ ይሆናል፤ ለነፊ ግን ትናንት ከተቆረጠ ጥሩ ሸምበቆ፣ አልፎ ተርፎም አሁን አሁን ከሚነፋው የብረትና የፕላስቲክ ቱቦ ያንሳል። ስለዚህ ሙዚየምም ሆነ ተመራማሪ አንድ ዋሽንት ሲረከብ ከርዝመቱና ከቀዳዳዎቹ ርቀት ጋር እስሩ ውስጥ ስንተኛው እንደነበረ፣ በየትኛው ቅኝት እንደሚነፋና የትኛውን ዋሽንት እንደሚከተል ከነፊው ጠይቆ ይመዝግብ። ቢቻል ደግሞ ከመለያየታቸው በፊት እስሩ በሙሉ፣ በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት፣ በዚያው ነፊ ይቀዳ።