«አርከበ ሱቅ» ምን ያስተምረናል? ከንቲባው፣ ልማቱና ነዋሪው

አዲስ አበባ ያደገ ሰው «አርከበ ሱቅ» ሲባል ምን እንደሆነ አይጠፋውም። በየመንገዱ ዳር በረድፍ የቆሙ፣ ጫማ የሚጠገንባቸው፣ ሞባይል የሚሸጥባቸው፣ ሻይ የሚፈላባቸው ትንንሽ ሱቆች ናቸው። በየሰፈሩ የተደራጁ ወጣቶች እንዲሠሩባቸው የተሰጡ ስለሆኑ ሕዝቡ በጊዜው በነበሩት ከንቲባ ስም ጠራቸው። ለመሆኑ አንድ የከተማ ሹም በነዋሪው ኑሮ ውስጥ ይህን ያህል የሚገባው እንዴት ነው? ገብቶስ ምን ይለውጣል? ምንስ ሳይለውጥ ይቀራል? ወደፊት የየከተማውን ዜና የምንሠራው እኛ ስለሆንን ነገሩን ከሥሩ ብናየው ይጠቅመናል ብዬ አስባለሁ።

አቶ አርከበ ዕቁባይ ከተማዋን የመሩት ከ1995 እስከ 1998 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ እኔና አብዛኞቹ የክፍሌ ልጆች ወይ አልተወለድንም፣ ወይ አንቀልባ ላይ ነበርን። የፌዴራል መንግሥት የነበረውን የከተማ ምክር ቤት አፍርሶ ጊዜያዊ አስተዳደር ሲያቋቁም ኃላፊነቱ ለእሳቸው ተሰጠ። ስለዚህ የተሾሙ እንጂ ነዋሪው የመረጣቸው አልነበሩም። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

መጀመሪያ ከተማዋ የነበረችበትን ሁኔታ እንይ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። «የቀበሌ ቤት» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ኪራዩ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ለድሀው ትልቅ መጠለያ ነበር። ግን ደግሞ በዚያች ኪራይ ቤት አይታደስም። ተከራዩም የራሱ ስላልሆነ ገንዘቡን አያፈስበትም። በዚህ ላይ ቤተሰብ ሲበዛ ጓሮው ላይ ጭቃ ቤት ይቀጠላል፣ መጸዳጃው ለብዙ አባወራ የጋራ ይሆናል። እንዲህ እያለ የመሀል ከተማው ሰፈር አረጀ።

ታዲያ ከንቲባ በዚህ ላይ ምን ማድረግ ይችላል? በእጁ ያሉት ነገሮች በዋናነት ሦስት ናቸው፦ መሬት፣ በጀትና አደረጃጀት። አደረጃጀቱን ብንወስድ፣ በ28 ወረዳዎች ተከፍላ የነበረችው ከተማ በ10 ክፍለ ከተሞች ተዋቀረች፤ በአዋጅ ቁጥር 361/1995ም የተሻሻለ ቻርተር ወጣላት። (11ኛው ለሚ ኩራ የተጨመረው በ2013 ዓ.ም. ነው።) ነገሩ የወረቀት ሥራ ይመስላል፤ ግን ሰው ጉዳዩን ለማስፈጸም ማዘጋጃ ቤት ድረስ መሄዱ ቀርቶ ሰፈሩ አጠገብ እንዲጨርስ የታሰበበት ነው።

መሬቱና በጀቱ ደግሞ ቤት ላይ ዋሉ። በ1996 ዓ.ም. ገደማ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት (ጂቲዜድ) እገዛ ቦሌ ገርጂ ላይ የሙከራ ኮንዶሚኒየም ተሠራ። ዘዴው ወጪ ቆጣቢ ነው፤ ብሎኬቱና የወለሉ ተሸካሚ አስቀድሞ እየተመረተ ይመጣና ሳይቱ ላይ ይገጣጠማል። ብሎኬቱን የሚያመርቱት፣ በርና መስኮቱን የሚሠሩት በጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት የተደራጁ ወጣቶች ናቸው። ስለዚህ አንድ ሕንፃ ሲቆም ቤትም ሥራም አብረው ይመጣሉ ማለት ነው። አንድ ሰው ፎቅ ላይ ያለ ቤት እንዴት የራሱ ይሆናል ለሚለው ጥያቄም አዋጅ ቁጥር 370/1995 መልስ ሰጠ፦ ቤቱ የግል ነው፣ ደረጃውና ግቢው የጋራ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ምዝገባ ሲካሄድ ከ453 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። ይህ ቁጥር ብቻውን የቤት ችግሩን ስፋት ይናገራል። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ወደ ክልል ከተሞችም ሰፋ። ዕቅዱ እስከ 400 ሺህ ቤት መሥራት፣ ለ200 ሺህ ሰው ሥራ መፍጠርና 10 ሺህ ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማትን ማበረታታት ነበር። በ2002 ዓ.ም. ገደማ በአገር ደረጃ የተሠራው 171 ሺህ ያህል ነው። ከዕቅዱ ቢያንስም ቀላል ሥራ አይደለም። ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች እንዲሆን መደረጉም በስሟ ቤት ኖሯት ለማያውቅ ስንት እናት ትልቅ ነገር ነው።

እስከዚህ ድረስ ግንባታ ነው። የማኅበረሰብ ልማት የሚባለው ግን ሰው ቁልፉን ከተቀበለ በኋላ ይጀምራል። ሕጉ ነዋሪዎች የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲያቋቁሙ ያዛል። ጥበቃ መቅጠር፣ ውኃ ሲቋረጥ መከታተል፣ የደረጃ መብራት መቀየር የማኅበሩ ሥራ ነው። በየግቢው «ኮሚናል» የሚባለው ቤትም የተሠራው እንጀራ እንዲጋገርበት፣ ለበዓል በግ እንዲታረድበት፣ ልብስ እንዲታጠብበት ነው። የሠራው ሰው የእኛን ኑሮ አስቦበታል። ሆኖም አንዳንዱ ጋ ኮሚናሉ ተከራይቶ ሱቅ ወይም መጋዘን ሆኗል፤ የማኅበሩ ስብሰባ ሲጠራም የሚመጣው ጥቂት ሰው ነው። ሹሙ ሕንፃ ሊሠራ ይችላል፤ ጉርብትናን ግን ሊሠራልን አይችልም። እሱን የሚሠሩት ዕድሩ፣ ማኅበሩና ቡና የሚጠራሩት ጎረቤቶች ናቸው።

ሌላም ጎን አለ። ቀበሌ ቤት ሲኖር የነበረ፣ ቅድሚያ ክፍያውን ማሟላት ያቃተው ቤተሰብ ዕጣው ቢደርሰውም አከራይቶት ወደ ሌላ ርካሽ ቤት ይገባል። የቻለውም ቢሆን ከመሀል ከተማ ተነስቶ ዳር ሲወጣ የለመደውን ገበያ፣ የልጆቹን ትምህርት ቤትና የእናቱን ዕድር ጥሎ ነው። ዳር ላይ ደግሞ ያ መሬት የገበሬ ማሳ ነበር። ለእሱ የሚከፈለው ካሳ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቶ የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1161 ተተክቷል።

አሁን ወደዚያች ነጥብ እንመለስ። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ቅንጅት ከ138 የአዲስ አበባ ምክር ቤት መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ። እንዴ! ያ ሁሉ ሥራ እየታየ? ነዋሪው ውለታ ቢስ ሆኖ ነው እንዳንል ሰው በዚያ ምርጫ ድምፅ የሰጠው ስለ ቤትና ስለ ሱቅ ብቻ አልነበረም፤ የአገር ጉዳይም ነበረበት። ሆኖም አንድ ነገር እንረዳለን፦ ለሕዝብ መሥራትና በሕዝብ መመረጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ ሌላውን አይተካም። አሸናፊውም ወገን ከተማዋን ሳይረከብ ቀረ፤ በ1998 ዓ.ም. በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ሌላ ባለአደራ አስተዳደር ተሾመ። ነዋሪው እንደገና የከተማ ምክር ቤት የመረጠው በ2000 ዓ.ም. ነው።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ትምህርቱ ምንድን ነው? የአካባቢ ሹም ዜና ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ሪባን ሲቆረጥ የሚያሳየው ፎቶ ነው። «ክቡር ከንቲባው ፕሮጀክቱን መርቀው ከፈቱ» ብለን እንጽፍና ሥራችን አለቀ እንላለን። ግን መጠየቅ ያለባቸው ሌሎች ጥያቄዎች አሉ። ማን ገባበት? ማን ተነስቶ ወጣለት? ከመጀመሩ በፊት የሰፈሩ ሰው ተጠይቋል ወይ? ከሁለት ዓመት በኋላስ ማን ይጠግነዋል? የእነዚህ መልስ በመግለጫ ላይ አይገኝም። ወረዳ ጽሕፈት ቤት ወረፋ ከያዘው ሰው፣ ከዕድር ዳኛው፣ ከቤት ባለቤቶች ማኅበር ጸሐፊ ነው የሚገኘው።

ጥያቄዎቹ አላረጁም። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ፒያሳን የመሰሉ ነባር ሰፈሮች ሲነሱ ያው ጥያቄዎች ተመልሰው መጥተዋል፤ መንገዱ አምሯል፣ የተነሳውስ ሰው የት ደረሰ? ጎበዝ ሹም መኖሩ መልካም ነው፤ ግን «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይላሉ አባቶቻችን። ሁለተኛው ነዋሪው ራሱ ነው፤ የእኛም ሥራ የእሱን ድምፅ ከሹሙ ድምፅ እኩል ማሰማት ነው። ለልምምድ ስትወጡ እስቲ ከከንቲባ ቢሮ በፊት አንድ ኮንዶሚኒየም ግቢ ገብታችሁ የማኅበሩን ስብሰባ ታደሙ። ዜናው እዚያ ይጠብቃችኋል።