አጥንት ሲመሰክር፦ ከግብፅ የረሃብ ዘመን እስከ አፋር በረሃ

እ.ኤ.አ. በ1200 የናይል ወንዝ እንደ ወትሮው ሳይሞላ ቀረ። የግብፅ እርሻ የሚጠጣው ውኃ በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ የክረምት ጎርፍ ነውና፣ ደጋው ዝናብ ሲነፈግ ቆላው ይራባል። ቀጥሎ የመጣው 597 ዓመተ ሂጅራ በግብፅ ታሪክ ከተመዘገቡት እጅግ አስከፊ የረሃብ ዓመታት አንዱ ሆነ። ሙታን ከቀባሪዎች በዙ። በካይሮ አጠገብ አል-መቅስ በተባለው ስፍራም የሰው አጥንት እንደ ኮረብታ ተከመረ።

በዚያ ዘመን በካይሮ ያስተምር የነበረው የባግዳዱ ሐኪምና ሊቅ ዐብዱለጢፍ አል-ባግዳዲ የዚህን ኮረብታ ወሬ ሰምቶ ከሌሎች ጋር ወደ ስፍራው ሄደ። ከዚያ ቀደም ብሎ የነበረው የሕክምና ትምህርት በአብዛኛው የሚቀዳው ዐረቦች ጃሊኑስ ከሚሉት ከጥንቱ ሐኪም ከጋሌን መጻሕፍት ነበር። ጋሌን ደግሞ የሰው የታችኛው መንጋጋ አገጭ ላይ የተጋጠሙ ሁለት አጥንቶች ናቸው ብሎ ጽፏል። ለአንድ ሺህ ዓመት ገደማ ይህንኑ መምህሩ አነበበ፣ ተማሪው ደገመ። ዐብዱለጢፍ ግን አጥንቱን በእጁ አንሥቶ አየ። መጋጠሚያ አላገኘም። ሌላ አነሣ፤ አሁንም አላገኘም። ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ራስ ቅሎችን መረመረ። በዚህም ሳይረካ፣ ሌሎች ሰዎች እርሱ ባለበትም በሌለበትም ምርመራውን እንዲደግሙት አደረገ። ሁሉም ያዩት አንድ ሆነ፦ የአዋቂ ሰው የታችኛው መንጋጋ አንድ ወጥ አጥንት ነው።

ሊቁ ይህን ግኝት ስለ ግብፅ በጻፈው «አል-ኢፋዳ ወል-ኢዕቲባር» በተሰኘው መጽሐፉ አስፍሮታል። ጋሌንን አልናቀም፤ ታላቅነቱን መሰከረለት። ነገር ግን ዓይን ያየው ከመጽሐፍ ከተነበበው በላይ የሚታመን መሆኑን ገለጸ። ዛሬ እንደምናውቀው፣ የብዙ እንስሳት መንጋጋ ዕድሜ ልክ በሁለት ተከፍሎ ይኖራል። የሰው ልጅ ግን ሁለት ሆኖ ተወልዶ ገና በጨቅላነቱ ይገጥማል።

የሰውን አካልና የአካሉን ታሪክ ከአጥንቱ የሚያነበው ዕውቀት ፊዚካል አንትሮፖሎጂ ይባላል። ስሙና መሣሪያው አዲስ ነው፤ መሠረቱ ግን ዐብዱለጢፍ በአል-መቅስ ኮረብታ ያደረገው ነው፦ ማየት፣ ማነጻጸር፣ መቁጠር፣ በሌላ ሰው ዓይን ማረጋገጥ። የዚህ ዕውቀት ዋነኛ ገጾች ከተገለጡባቸው የዓለም ስፍራዎች ቀዳሚው ደግሞ ከቀይ ባሕር ማዶ ያለው የሙስሊም አርብቶ አደሮች ምድር፣ አፋር ነው። ስለዚህም ጉዳዩ ለእኛ አንባብያን የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

በአፋር ሸለቆ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1974 ሐዳር ላይ የተገኘችውን ድንቅነሽን የማያውቅ ጥቂት ነው። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል። ከስሟ ይልቅ መታወቅ የሚገባው አጥንቷ ያስተማረው ነገር ነው። የዳሌዋ አጥንት አጭርና ሰፊ ነው፤ የጭኗ አጥንትም ወደ ጉልበቷ ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ይህ ቀጥ ብሎ በሁለት እግር የሚሄድ ፍጡር ምልክት ነው። አንጎሏ ግን ከቺምፓንዚ አንጎል ብዙም የማይበልጥ ነበር። ከእርሷ በፊት ብዙ ምሁራን አንጎል ቀድሞ አደገ፣ መራመድ ኋላ መጣ ብለው ይገምቱ ነበር። አጥንቱ ግን ተቃራኒውን መሰከረ።

መንጋጋም የራሱ ምስክርነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ቻላቸው ስዩም በአፋር ሌዲ-ገራሩ በተባለ ስፍራ አምስት ጥርሶች የተተከሉበት የታችኛው መንጋጋ ግራ ጎን አገኘ። ዕድሜው 2.8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ጥርሶቹ አነስ ያሉ፣ የመንጋጋውም ቅርጽ እኛ ወደምንመደብበት ወደ ሆሞ ወገን የሚያደላ ነው። አገጩ ግን እንደ ጥንቶቹ ወደ ኋላ የሸሸ ነው። ወደ ፊት ወጣ ያለ አገጭ ያለው የዛሬው ሰው ብቻ ነውና፣ ይህ አንድ ቁራጭ አጥንት አሮጌውንና አዲሱን በአንድነት ይዞ ተገኘ።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠይቅ ይገባል፤ ዕድሜው በምን ታወቀ? መልሱ በአመድ ውስጥ ነው። የአፋር ምድር የእሳተ ገሞራ ምድር በመሆኑ፣ በየዘመኑ የተፋው አመድ በንብርብር ተነጥፎ ይገኛል። በአመዱ ያሉት ጥቃቅን የማዕድን ቅንጣቶች ፖታሲየም አላቸው። ከፖታሲየሙ ጥቂቱ በታወቀና በማይለዋወጥ ፍጥነት ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ የቀድሞው ጋዝ ተንኖ ይወጣል፤ ቅንጣቱ ሲቀዘቅዝ አዲሱ መጠራቀም ይጀምራል። የተጠራቀመውን የለካ፣ ፍንዳታው ከስንት ዓመት በፊት እንደነበረ ያውቃል። አጥንቱ በሁለት የአመድ ንብርብሮች መካከል ከተገኘ፣ ከታችኛው የሚያንስ፣ ከላይኛው የሚበልጥ ዕድሜ አለው ማለት ነው። ለፍንዳታ ዕድሜ የዓይን ምስክር አይገኝለትም። ሆኖም ማንም የሠለጠነ ሰው፣ የየትኛውም እምነት ተከታይ ቢሆን፣ ልኬቱን ሊደግመው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በዚያው በአፋር፣ ሚሮ ዶራ በተባለ ስፍራ፣ አንድ የአካባቢው አርብቶ አደር መሬት ላይ የወጣ የላይኛ መንጋጋ አይቶ ረግጦት አላለፈም። ለዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ የጥናት ቡድን አሳወቀ። ዶክተሩም ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ቀሪውን ራስ ቅል አገኘ። ዕድሜው 3.8 ሚሊዮን ዓመት ነው። በ2019 የታተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ አንዱ ለሌላው ቦታ ለቆ አለፈ ይባል የነበሩ ሁለት ጥንታዊ ዝርያዎች ቢያንስ ለ100 ሺህ ዓመት ጎን ለጎን ኖረዋል። እንግዲህ ታሪኩ ቀጥ ያለ ሰንሰለት ሳይሆን ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ዛፍ ሆኖ ተገኘ።

በአማርኛችን «ሰው ከዝንጀሮ መጣ» የሚለው አነጋገርም እዚሁ ላይ ይወድቃል። የጥናቱ ባለቤቶች እንዲህ አይሉም። በየገደሉ የምናየው ዝንጀሮ ራሱ የዛሬ ዘመን ፍጡር እንጂ የማንም ቅድመ አያት አይደለም። የሚሉት የሰውና የቺምፓንዚ የዘር ሐረግ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከአንድ ምንጭ ተለያይቷል ነው። ይህን መቀበልም ሆነ መቃወም የሚሻ ሰው፣ አስቀድሞ የተባለውን በትክክል ማወቅ ይኖርበታል።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። በዓለም የሳይንስ መጻሕፍት ከላቲኑ ጎን የሚነበቡት ቃላት የአፋርኛ ናቸው። 4.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የ«አርዲ» ስም በአፋርኛ መሬት ማለት ነው፤ በድምፅም በትርጉምም ከዐረብኛው «አርድ» ጋር ይቀራረባል። «ጋርሂ» ያልተጠበቀ፣ «ደይሬመዳ» የቅርብ ዘመድ ማለት ነው። ኸርቶ ላይ ለተገኘው 160 ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ ላለው የዛሬ ሰው ወገን የተሰጠው «ኢዳልቱ» ደግሞ ሽማግሌ ማለት ነው። ግመሉንና ፍየሉን ይዞ ውኃ ፍለጋ የሚዞረው አርብቶ አደር ቋንቋው በቶኪዮና በለንደን የጥናት ክፍሎች ይጠራል። ሆኖም አጥንቱን ዐይተው ከሚጠቁሙት ይልቅ የሚያጠኑት ልጆቹ የሚበዙበት ቀን ገና አልመጣም። ይህ ሊያሳስበን ይገባል።

የባሕሩ ወዲህ ማዶም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። በሳውዲ ዐረቢያ ሰሜን በነፉድ በረሃ፣ አል-ውስጣ በተባለ ስፍራ በ2016 አንዲት የሰው ጣት አጥንት ተገኘች። ርዝመቷ ሦስት ሴንቲሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ዕድሜዋ ግን ከ85 ሺህ ዓመት ያላነሰ ነው። በዚያው በረሃ፣ ፈለግ የሚል ትርጉም ያለው ስም በተሰጠው በአል-አሰር፣ ከደረቀ ሐይቅ ዳር 120 ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የሰው የእግር ዱካዎች ከዝሆንና ከግመል ዱካ ጋር ተገኝተዋል። ዛሬ አሸዋ ብቻ የሚታይበት ምድር ያን ጊዜ ሣርና ውኃ ነበረው። በሻርጃ ጀበል ፋያም 125 ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ሰው በአፍሪቃና በዐረቢያ መካከል መመላለስ የጀመረው ድንበርም ሆነ ፈቃድ ሳይኖር ነው።

ስለዚህ ዕውቀት ሲነገር ጥፋቱም ሊታለፍ አይገባም። በ19ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ ራስ ቅልን እየለኩ የሰውን ልጅ በደረጃ የደረደሩ፣ ጥቁሩንም ከታች ያስቀመጡ ምሁራን ነበሩ። ከደቡብ አፍሪቃ ተወስዳ በለንደንና በፓሪስ እንደ ትርኢት የታየችው ሳራ ባርትማን በ1815 ስትሞት አስከሬኗ ተቆራረጠ። አጽሟም እስከ 1970ዎቹ በፓሪስ ሙዚየም ለተመልካች ቆሞ ነበር። ለአገሯ አፈር የበቃችው በ2002 ነው። ያን ክፋት የሠራው አጥንቱ አልነበረም፤ ከመመልከቱ በፊት ፍርዱን ጽፎ የመጣ ሰው ነበር። የአሜሪካ የፊዚካል አንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች ማኅበር በ2019 ባወጣው መግለጫ፣ የሰው ልጆችን በዘር መከፋፈል የአካላዊ ልዩነታቸው እውነተኛ መግለጫ አለመሆኑን አስታውቋል። በቆዳው ቀለም የተነሣ በባዕድ አገር ዝቅ ተደርጎ የታየ ሰው የዚህን መግለጫ ዋጋ ያውቀዋል። ዐረብ በዐረብነቱ ከሌላው እንደማይበልጥ በስንብት ኹጥባ የሰማው ሕዝበ ሙስሊምም፣ የአጥንቱ ምስክርነት እዚህ ላይ እንግዳ አይሆንበትም።

ስለ አባታችን አደም (ዐ.ሰ.) አፈጣጠርና ስለዚህ ጥናት ግንኙነት የሙስሊም ሊቃውንት አቋም አንድ አይደለም። ሐሳቡን ፈጽመው የማይቀበሉ አሉ። በሌሎች ፍጥረታት ተቀብለው የሰውን ልጅ የሚለዩ አሉ። ከመፍረድ የሚቆጠቡም አሉ። የትሪፖሊው ዓሊም ሑሰይን አል-ጂስር በ1888 በወጣው «አር-ሪሳላ አል-ሐሚዲያ» መጽሐፋቸው፣ በዘመናቸው የቀረበው ማስረጃ አላረካቸውም። ሆኖም የማያወላዳ ማስረጃ ቢገኝ ከእምነት ጋር የሚታረቅበት መንገድ እንዳለ ጽፈዋል። ድንጋጤም ጥድፊያም አላሳዩም፤ ማስረጃ ጠየቁ።

ለዚህ ጸሐፊ የሚመስለው ይህ ነው። መንጋጋ የሚመሰክረው ስለ ዕድሜ፣ ስለ ምግብና ስለ ዝምድና ነው፤ ዳሌና ጭን ስለ አረማመድ ይመሰክራሉ። ስለ ሩሕ፣ ስለ ኃላፊነት፣ ሰው ለምን እንደተፈጠረ አጥንት አይናገርም፤ ይናገራል የሚል ተመራማሪ ካለ ከሙያው ወጥቷል። በአንጻሩም የአመድን ዕድሜ ሳይለኩ በስብከት የሚወስን ሰው፣ ጋሌን ብሏልና መንጋጋው ሁለት ነው ካለው ተማሪ አይለይም። ቁርአን በምድር ተጉዘን የፍጥረትን አጀማመር እንድናስተውል ሲያዝ፣ ትእዛዙ ወደ ምድሪቱ እንድንሄድና እንድንመለከት ነው።

ስለዚህም አዲስ ቅሪተ አካል ተገኘ የሚል ዜና ሲመጣ፣ በዘመናችንም መምጣቱ አይቀርም፣ ከመሳለቅም ከማጨብጨብም በፊት የአል-መቅሱን ሐኪም ጥያቄዎች ማንሣት ይበጃል። ማን አየው? ስንት ቁራጭ ነው? ከየትኛው የአመድ ንብርብር ወጣ? ሌላ ሰው፣ የመጀመሪያው በሌለበት፣ ደግሞ ተመልክቶታልን? በአፋር፣ በሶማሌ፣ በኦሞ ወይም በነፉድ ለሚያድግ ልጅም እነዚህን ጥያቄዎች ከዲኑ ትምህርት ጎን ለጎን ማስተማር ይቻላል። ያን ጊዜ በደጁ የወጣውን መንጋጋ አይቶ የሚጠቁም ብቻ ሳይሆን፣ አንሥቶ የሚያነብም ይሆናል።